የአጎቴ ጉርሻና ሰባ አራት ዲግሪ

በዓይን መለካት አልወድም። ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው፤ ቤቴል ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ መጥቶ «መስኮቱ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ሁለት እጁን ሲዘረጋልኝ፣ እሺ ብዬ ሜትሬን ይዤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስላየው መስኮት እንኳ ይሳሳታል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ አጥሮ አያውቅም፣ መሬትም ጠርጎ አያውቅም። ስለዚህ ሥጋ በቴርሞሜትር መለካት የጀመርኩ ሰሞን ቤተሰቡ በሙሉ ሲስቅብኝ ምንም አልመሰለኝም።

እኛ ቤት ሥጋ ተለክቶ አያውቅም ነበር። የሚበላው ጥሬው ነውና ምኑ ይለካል? የአባቴ ወገን ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ ከሰፈረ ቆይቷል። አባቴና ታላቅ ወንድሙ መጀመሪያ አጠና፣ ኋላም ቆርቆሮና ሚስማር እየሸጡ በአንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሽበት ያወጡ ሰዎች ናቸው። በሌላ ነገር ይከራከራሉ፤ በሥጋ ግን ተከራክረው አያውቁም። ጥብስ ለልጆችና ሆዱን ለሚጠራጠር እንግዳ የሚቀርብ ነገር ነው። አባቴ ጥብስ በቀረበ ቁጥር ሳህኑን አየት ያደርግና «ማን ታመመ?» ይል ነበር።

ታዲያ የታመመው እሱ ሆነ። ኩላሊቶቹ ደከሙ፤ እጥበት ተጀመረ፤ ከእጥበቱ ሲመለስ ከመኪና ወርዶ በሩ ድረስ ለመድረስ ትከሻዬን የሚፈልግ ሰው ሆነ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ የሥጋ ዘመድ ኩላሊት ቢሰጠው እንደሚሻል ሲነግሩን፣ እኛ ልጆቹ ማን ይመርመር እያልን ስንተያይ፣ አጎቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «እኔ እያለሁ ልጅ አይነካም» አሉ። ተመረመሩ፤ ተስማማ። አጎቴ ወሬ የሚያበዙ ሰው አይደሉም። ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገቡ ልብሳቸውን ቀይረው ተኝተው እንኳ ለሱቁ ሠራተኛ ስለ ቆርቆሮ በስልክ ያዝዙ ነበር። ኩላሊቱ ሠራ። አጎቴን ድሮ እፈራቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደድኳቸው፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ ቀረ።

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ የተነገረን ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ግን የምግቡ ነበር። አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው የሚወስደው መድኃኒት የመከላከል አቅሙን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥሬ ሥጋ የለም፣ ለብለብ የለም፣ ያልተፈላ ወተትና አይብ የለም። ለሌላው ሰው የአንድ ቀን ቁርጠት የሚሆን ነገር እሱን ኩላሊቱን ሊያሳጣው ይችላል። እስከ መቼ ብሎ ጠየቀ። መድኃኒቱን እስከወሰድክ ድረስ፣ ማለትም እስከ ዕድሜ ልክህ አሉት። አባቴ የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ነቅንቆ አመሰገናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡን እናቴ ያዘች፤ እናቴ ደግሞ በፍርሃት ነበር የምታበስለው። ሥጋውን ከሰል ላይ ትጥለውና ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ጠርዙ ወደ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ አታነሳውም። አባቴ አንዱን ያኝካል፣ ያኝካል፣ ከዚያ «በቃኝ» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ከሳ። የሸሚዙ አንገት ሰፋው። እናቴን «ይህ እኮ የጫማ ሶል ነው» ስላት «ከሚሞትብኝ ይክሳብኝ» አለችኝ። ምን ይመለሳል? እሷም እውነቷን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው፤ በሁለቱ እውነት መካከል ሥጋው ያርር ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ነገሩ ባሰ። ሁለቱ ወንድማማቾች ካልቸገራቸው በቀር በየዓመቱ መስቀልን ለማክበር አብረው ወደ አገር ቤት ይወርዱ ነበር። አባቴ ከሐኪሙ እንዳይርቅ ስለተነገረው አጎቴ «እሱን ትቼ የትም አልሄድም፤ መስቀልን ኮልፌ፣ እሱ ግቢ ውስጥ እናከብራለን» ብለው ላኩ። ሁላችንም ደስ አለን። አባቴ ግን በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ «እኔ መኝታ ቤት እሆናለሁ» አለኝ። «ሰው በደስታ ሲበላ እኔ አመድ እያኘክሁ ፊታቸው አልቀመጥም። ደክሞታል በያቸው።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በእሱ አልነበረም። ኩላሊቱን የሰጠው ወንድሙ ግቢ ውስጥ ሊቀመጥ፣ የተቀበለው ደግሞ በሩን ዘግቶ ሊተኛ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሕመም፣ ያ ሁሉ መሰፋትና መቀደድ ለምን ነበር? አባቴ መስቀልን ከወንድሙ ጎን ተቀምጦ፣ ሥጋ የሚባል ሥጋ በልቶ፣ ሳይታመም እንዲውል አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እኔ ቃል ስገባ ደግሞ እናቴ ታውቀኛለች፤ በፊቴ ታየዋለች፤ «አሁን ደግሞ ምን ልታመጪብኝ ነው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ አብሬው ሄድኩና የምግብ ባለሙያዋን ይዤ ጥያቄ አበዛሁባት። «በደንብ የበሰለ» ያላችሁት ምን ያህል ነው? ምን ያህል ማለት በደንብ ማለት ነው? ለእኔ ይህ መስኮቱን በእጅ ዘርግቶ ከማሳየት አይለይም። ባለሙያዋ ሳቀችና ቀለም እንደሚያታልል፣ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ያልበሰለ፣ ውጪው ቀይ ሆኖ ውስጡ የበሰለ ሥጋ እንዳለ፣ የሚታመነው የመሐሉ ሙቀት ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ለሙዳ ሥጋ አንድ ቁጥር፣ ለተፈጨው ሌላ፣ ለዶሮ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ሰባ አራት ዲግሪ አለችኝ። ሦስት ቁጥር ይዤ እናቴን ማሳመን እንደማልችል አውቃለሁ። ስለዚህ ትልቁን ያዝኩና ለሁሉም ሰባ አራት አልኩ። ሕግ አንድ ሲሆን ክርክር ያንሳል።

ቴርሞሜትሩን ጦር ኃይሎች ካለ የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ ገዛሁ። ረዘም ያለ ጆንያ መስፊያ መርፌ የመሰለ ብረት አለው፣ አናቱ ላይ ቁጥር ያሳያል። ቤት ሳመጣው ታናሽ ወንድሜ «ሥጋው ትኩሳት አለው እንዴ?» አለ። እናቴ ቀጠለችና «ካለውማ ክኒን እንሰጠዋለን» አለች። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትር ብሎ የሚጠራው ጠፋ፤ ስሙ መርፌው ሆነ።

እኔ ግን አዲስ ሜትር ስገዛ እንኳ ከአሮጌው ጋር ሳላስተያይ ሥራ ላይ አላውልም። የአባቴን ሕይወት የማምነው ዕቃ ሳይፈተን አይሆንም ብዬ ውሃ ጣድኩ። ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ ማን አያውቅም? ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ መርፌውን ከተትኩ፤ ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። እሳት ጨመርኩ። ውሃው እስኪገነፍል ተንተከተከ፤ ቁጥሩ ከዘጠና ሁለት ንቅንቅ አላለም። ብልሹ ዕቃ ሸጠውልኛል ማለት ነው። ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ጦር ኃይሎች ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ለሻጩ የምናገረውን በሆዴ እያዘጋጀሁ።

ሻጩ ምሳ ሄዶ ነበር፤ እግዜር ይስጠው። ጎረቤቱ ዱካ አውጥቶ ሰጠኝና ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቁጣዬ ቀዝቀዝ ሲል የእናቴ የድሮ ሮሮ ትዝ አለኝ። አባቴ ከሱቁ በፊት ቆላ ወርዶ መተሐራ ሲነግድ አብራው ቆይታ ነበርና፣ እዚያ ንፍሮ ቶሎ እንደሚበስል፣ የኮልፌ ባቄላ ግን ከሰል ጨርሶም እንደማይበስል ሁልጊዜ ታማርር ነበር። ከዚያ ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት ፊዚክስ እየተንፏቀቀ መጣ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። እኛ እኮ ተራራ ላይ ነው ያለነው። መቶ ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው፤ የእኛ ዘጠና ሁለት ነው፤ መርፌው ትክክል ነበር። በባዕድ ሜትር የለካሁት እኔ ነኝ። ሻጩ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ ኮስተር ብዬ ረዘም ያለ የሥጋ መቆንጠጫ እንዳለው ጠየቅሁት። ነበረው፤ ገዛሁት፤ እስከ ዛሬም በደንብ ያገለግለኛል።

ቤት ስመለስ አንድ ብርጭቆ በረዶ ሞልቼ ውሃ ጨመርኩበትና መርፌውን ከተትኩ። በረዶ ተራራም ላይ ሆነ ባሕር ዳር ዜሮ ነው። ዜሮ አለ። ከዚያ በኋላ ለሰው ምላስ ቦታ አልሰጠሁም።

የሥጋ መጥበሻውን ኮልፌ ካለ ብየዳ ቤት ነው ያሠራሁት፤ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል፣ እግርና ፍርግርግ ያለው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ አውጥቼ ለሙከራ ከሰል አያያዝኩ። ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጭሱን ጎረቤት ድረስ ስለወሰደው አንዳንዱ ሰው በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ ምክር ሰጠኝ። ከሰል ዙሪያ የቆመ ወንድ ሁሉ አዋቂ ነው። እኔ የራሴን ሠራሁ፤ ከሰሉ ተቀጣጥሎ ነበልባሉ እስኪጠፋና አመድ እስኪለብስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ሰበሰብኩት። ወፈር ያለውን የዳቢት ሙዳ መጀመሪያ ከከሰሉ በላይ ግራና ቀኝ አቀላሁት፤ ቀጥሎ ከሰል ወደሌለበት ጎን ገፋሁት፤ ውስጡ ቀስ ብሎ ውጪውን እንዲደርስበት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሥጋው ጠቆር ሲል «በቃ በስሏል፤ አሁን እንኳ አንሺው» አለች። መርፌውን ከጎኑ አስገብቼ ጫፉን መሐል ላይ አቆምኩት። አጥንት እንዳይነካ ነው፣ አጥንት ቁጥሩን ያሳስታል፤ አልፎም ፍርግርጉን መንካት የለበትም። አርባ ስምንት አለ። እናቴ ቁጥሩን አየች፣ ሥጋውን አየች፣ እንደገና ቁጥሩን አየች። ስታቃጥልለት የኖረችው ወፍራም ሙዳ ሁሉ ውጪው ከሰል ይሁን እንጂ ውስጡ ምን እንደነበር የምታውቀው ነገር እንደሌለ ገባት መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። «ለዚህ ነው እንዴ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ያስመለሰው?» አለችኝ በቀስታ። እኔ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ክኒን መቀለዷን ተወች።

ሰባ አራት ሲል አነሳሁት። ትንሽ አረፍ አድርጌ ስቆርጠው ወዙ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ጥሬ አይደለም፤ የጫማ ሶልም አይደለም። አባቴ አንዱን አነሳ፣ አኘከ። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛው ላይ ሚጥሚጣ ጠየቀ፤ ሚጥሚጣ የጠየቀ ሰው በልቷል ማለት ነው። ሳህኑን ጨርሶ እጁን ሲጠርግ ወደ እኔ ሳያይ፣ ለመስቀል የእሱን ወንበር የት ላደርገው እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ከወንድሙ፣ ከጋሼ ጎን አልኩት። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ በጭሱ አሳበብኩ።

የመስቀል ዕለት ግቢያችን ሞላ። አጎቴ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው፣ የሰንጋ ሥጋ አስጭነው መጡ። እኔ ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፤ አንዱ ለጥሬው፣ አንዱ ለእሳቱ። ለየብቻ መክተፊያ፣ ለየብቻ ቢላ፤ የእኔዎቹ ቢላዎች እጀታ ላይ ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ አስሬባቸዋለሁ። ጥሬ ሥጋ የነበረበት ሳህን የበሰለ አይቀበልም። መርፌው ራሱ ከሥጋ ወደ ሥጋ ሲሄድ በአልኮል ይጠረጋል። ዘመዶቼ መቀለዱን ቀለዱ፤ አንዷ አክስቴ «ይህ በሬ በሕይወት እያለ እንዲህ ቢታከም አይታረድም ነበር» አለች። ይቀልዱ። ሁሉን ነገር ለክቻለሁ ብዬ ስለማምን ቀልዱ እኔንም ያስቀኝ ነበር።

አባቴ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ አሁንም ሰፊ ነው፤ ግን ከመኝታ ቤት ወጥቷል። የእጅ ውሃ ዞረ፤ ሁሉም በሳሙና ታጠበ። ክትፎው በቅቤ ርሶ ከቆጮ ጋር ቀረበ። አጎቴ የቤተሰቡ ታላቅ ስለሆኑ ሥጋውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ ቢላቸውን አንስተው ለአንዱ ከሻኛው፣ ለሌላው ከሽንጡ እየቆረጡ አደሉ። እኔ በበኩሌ ከእሳቱ የወረደውን በንጹሕ ሳህን አድርጌ አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። ሰባ አምስት ነበር ያለው። ኮራሁ።

በእኛ ቤት ግን ማንም ከመብላቱ በፊት ታላቅ ታናሹን ያጎርሳል። መስቀል የሚጀመረው በዚያ ጉርሻ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች ከነበሩ ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ነገር ነው፤ አንድ ዓመት ተኳርፈው ሱቅ ሊከፍሉ የደረሱ ጊዜ እንኳ ጉርሻው አልቀረም ይባላል። አጎቴ ቢላቸውን አስቀመጡ። ከአባቴ ሳህን ላይ ከጥብሱ አንድ አነሱ፤ በቆጮ ጠቀለሉት፤ እጃቸውን ወደ አባቴ አፍ ዘረጉ። አባቴም አፉን ከፈተ።

ያኔ ነው ጣቶቻቸውን ያየሁት። ጥሬውን ሲቆርጡ የነበሩ ጣቶች ናቸው፤ ደሙ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ገብቷል። ቢላውን ለይቻለሁ፣ ሳህኑን ለይቻለሁ፣ መርፌውን ጠርጌያለሁ። እጁን ረስቻለሁ። እንዴት አልረሳ? የሁላችንም እጅ ከማዕድ በፊት ታጥቧል፤ እኛ ዘንድ የታጠበ እጅ ማዕድ እስኪነሳ ድረስ ንጹሕ ነው፤ ጥሬውንም የበሰለውንም የሚያነሳው ያው እጅ ነው፤ የሚያጎርሰውም ያው ነው። ሰባ አምስት ዲግሪው ሁሉ በዚያች ጉርሻ ውስጥ ከንቱ ሊሆን ነበር።

የአጎቴን እጅ አንጓው ላይ ያዝኩት።

የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም፤ ያውም የታላቅ፣ ያውም በመስቀል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አጎቴ እጃቸውን ሳይስቡ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሱ አዩኝ።

«ኩላሊቴን ተቀብሎ ጉርሻዬን አይቀበልም?» አሉ።

እጃቸውን አልለቀቅሁም።

«ጋሼ፣ እኔም የምጠብቀው የእርስዎን ኩላሊት ነው» አልኳቸው። «እጅዎ ጥሬ ሥጋ ነክቷል።»

እጃቸውን ለካስ እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። አሁን እሳቸውም አዩት። ጉርሻውን ቀስ ብለው የራሳቸው ሳህን ላይ አስቀመጡና ተነሱ። ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመሩ። ሚስታቸው ቦርሳዋን ፈለገች፤ ልጆቻቸው ተያዩ፤ አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ግማሽ ተነሳ። የሁለቱን ወንድማማቾች ፍቅር በአንድ እጅ አያያዝ አበላሸሁት ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባበላሸውም እጃቸውን መልሼ እይዝ ነበር።

አጎቴ በሩን አልከፈቱም። ከበሩ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከፈቱ። የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ ሳሙናውን አነሱ፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ እስከ ክርናቸው ድረስ አሹት። «ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲታጠቡ በመስኮት አይቼ ነበር፣ እንደዚያ ነው አይደል?» ብለው ከቧንቧው ሥር ሆነው ጠየቁኝ። እንደዚያ ነው አልኳቸው። ንጹሕ ፎጣ ይዤ ሮጥኩ፤ የተነካውን የአባቴን ሳህንም አንስቼ በሌላ ንጹሕ ተካሁት።

እጃቸውን ካደረቁ በኋላ ወደ ማዕዱ አልተመለሱም። ሁለቱንም እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ማንንም ሳይነኩ በሰው መካከል አልፈው እሳቱ ጋ መጡ። መርፌውን ተቀበሉኝ። የትኛው ወፍራም እንደሆነ መርጠው፣ ከጎኑ፣ እኔ ሳደርግ እንዳዩት መሐሉ ላይ ወጉት። መነጽራቸውን አልያዙም ነበር።

«አንብቢ» አሉኝ።

ሰባ አንድ ነበር። ይበቃል ወይ አሉኝ፤ አይበቃም አልኳቸው። ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ሁሉም ሰው ቆጮውን ይዞ ጠበቀ። ሥጋ አፍጥጠው ሲያዩት እንደማይበስል ሁሉ ቁጥሩም አፍጥጠው ሲያዩት አይወጣም፤ ሰባ ሁለት ላይ ቆየ፣ ሰባ ሦስት ላይ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአጎቴ እጅ ምንም ሳይነካ ደረታቸው ፊት እንደተንጠለጠለ ነበር። ሰባ አራት ሲል ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ከማዕዱ አንድ ሰው «እሰይ» አለ። ሥጋውን በመቆንጠጫዬ አንስቼ በንጹሕ ቢላ ቆረጥኩላቸው። አዲስ ቆጮ ላይ ጠቅልለው፣ እፍ ብለው አቀዘቀዙና ለወንድማቸው አጎረሱት።

አባቴ አፉ ሞልቶ እያኘከ እንባው ወረደ። አልደበቀውም፤ እኛም አላየንም አላልንም።

«አንድ ያጣላል» አሉ አጎቴ፤ ለሁለተኛው ጎንበስ ሊሉ ሲሉ እናቴ የእሳቸውን ክትፎ፣ ከሁሉ አስበልጣ በቅቤ ያራሰችውን፣ ይዛ መጣች። አጎቴ ክትፎውን አዩት። እኚህ ሰው ክትፎ ሳይበሉ መስቀልን ያሳለፉበት ዓመት የለም፤ በሱቁ ሰበብ ሁለቱም አገር ቤት ሳይወርዱ በቀሩበት ዓመት እንኳ በሰው አስልከው በልተዋል። ከዚያ የታጠበ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እሱን ከነካሁ እጄ ለእሱ አይሆንም» አሉና ሳህኑን በክርናቸው ወደ እናቴ መለሱት። በማንኪያ ይብሉ አልናቸው። «ክትፎ በማንኪያ በልቼ ደግሞ ሰው ነኝ ልል ነው?» ብለው እምቢ አሉ። ወንበራቸውን ወደ አባቴ ሳህን ጠጋ አድርገው፣ ያን ዕለት ከእሳቱ የወረደውን ብቻ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ሳህን በሉ። ማን ታመመ ብሎ የጠየቀ የለም።

አባቴ ሁለተኛውን ጉርሻ ውጦ አፉን ጠረገ። ክትፎው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲሄድ በዓይኑ እየሸኘ ወደ እኔ ዞረ።

«ኩላሊቱን ሲሰጠኝ ሌላ ይቀረዋል ብዬ ተጽናንቼ ነበር» አለኝ። «የመስቀል ክትፎ ግን በዓመት አንድ ነው።»

አጎቴ ተነስተው እሳቱ ጋ ሄዱ። መርፌውን ከአልኮሉ አንስተው የሚቀጥለውን ሙዳ ወጉና «አንብቢ» አሉኝ።